«ተከራይ ሞርጌጅህን ይክፈልልህ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አሜሪካ ባለነው ሐበሾች መካከል ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ርእሱ «ተከራይ ሞርጌጅህን ይክፈልልህ» ይላል፤ ሞርጌጅ ያው የቤት ብድር ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዱ ሴንት ፖል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፤ «አንተ ያደረግኸው ይሄንኑ አይደል? እኔስ መቼ ልጀምር?» የሚል ጥያቄ አክሎበታል። ለእሱ ሁለት መስመር ልመልስ ተቀምጬ ነው ነገሩ እንዲህ የረዘመው።

አዎ፣ አድርጌዋለሁ። ሚኒሶታ ስቴት፣ ደቡብ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዕድሜው መቶ ዓመት የተጠጋ ዱፕሌክስ አለኝ። አንድ ጣሪያ፣ ሁለት ኩሽና፣ ሁለት መግቢያ፤ ከታች እኔና ቤተሰቤ፣ ከላይ ተከራይ። በመግዛቴ አልተጸጸትኩም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዱፕሌክስ ጠልቼ አይደለም፤ ጽሑፉ ያስቀመጠው ሒሳብ እኔ በየወሩ ከምከፍለው ሒሳብ ጋር ስላልገጠመልኝ ነው።

መጀመሪያ ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው ነጠላ ቤት ከሚገዛ ዱፕሌክስ ገዝቶ በአንዱ ቢኖር፣ ሌላውን ቢያከራይ ይሻላል፤ ኪራዩ ሞርጌጁን ስለሚሸፍንለት በነጻ ይኖራል። ለዚህ የሚያስፈልገው የቤቱን ዋጋ 3.5 በመቶ አስቀድሞ መክፈል ብቻ ነው፤ እቁብ የወጣለት ሰው ነገውኑ መጀመር ይችላል። ተከራዩን ከራሳችን ሰው መካከል ካገኘን የወረቀት ጣጣ የለም። ወጪው ሁሉ ከታክስ ይቀነሳል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሸጥም ትርፉ ላይ ታክስ የለም። ዓመት ሲሞላ ወጥቶ ሌላ ዱፕሌክስ በ3.5 በመቶ መግዛት ነው፤ በአምስት ዓመት አምስት ቤት። የቤት ዋጋና ኪራይ እንደሆነ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው።

ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነውን አስቀድሜ ልመስክር። ኤፍኤችኤ የሚባለው የፌዴራል መንግሥት መድን ያለበት ብድር እስከ አራት ቤት ላለው ሕንፃ ይሰጣል፤ ክሬዲቱ፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ነጥቡ፣ 580 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በ3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይገዛል። ባለ ሦስትና ባለ አራት ቤት ሕንፃ ላይ ኪራዩ የወር ክፍያውን መሸፈን አለበት የሚለው የኤፍኤችኤ ፈተና ዱፕሌክስ ላይ የለም። ለጀማሪ በር የሚከፍት ነገር ነው፤ ይህን ለሰው በማሳወቃቸው ጸሐፊውን አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ «በነጻ መኖር» እንምጣ፤ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ እሱ ነው።

ምሳሌያቸው 360,000 ዶላር የሚያወጣ ዱፕሌክስ ነው። 3.5 በመቶው 12,600 ይሆናል። ቀሪው 347,400 በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ሲከፈል ወርሃዊ ክፍያው 2,200 ገደማ ነው ይላሉ። የላይኛው ቤት 1,500 ይከራያል፣ ቤዝመንቷ፣ ከምድር በታች ያለችው ክፍል፣ ደግሞ 700፤ ድምሩ 2,200። በነጻ!

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ከቤዝመንቷ እንጀምር። መኝታ ተብሎ የሚከራይ የቤዝመንት ክፍል እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ሊኖረው ይገባል። ኮዱ የሚጠይቀው ክፍት ቦታ 5.7 ስኩዌር ፊት ነው፤ የመስኮቱ ደፍም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ ከፍ ማለት የለበትም። የእነዚህ አሮጌ ቤቶች የቤዝመንት መስኮት ድመት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። መሠረቱን ቆርጦ ሕጋዊ መስኮት ማስገባት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ሳያስገቡ ማከራየት ደግሞ ከቅጣቱ በላይ የሰው ነፍስ አለበት። ስለዚህ 700ዋ ከሒሳቡ ትውጣ።

2,200 ያሉትም ቢሆን የብድሩና የወለዱ ክፍያ ብቻ ነው። ኤፍኤችኤ ገና ሲፈረም 1.75 በመቶ መድን ይወስዳል፤ አብዛኛው ሰው ዕዳው ላይ ስለሚያስደምረው ክፍያው 2,234 ይሆናል። ከዚያ በዓመት 0.55 በመቶ የሚታሰብ መድን አለ፤ በወር 159 ዶላር ገደማ። ፕሮፐርቲ ታክሱን በወር 400፣ በረዶ ጣሪያ በሚደበድብበት በእኛ አገር የቤት ኢንሹራንሱን 250 ብለን እንያዝ። ድምሩ 3,043 ደረሰ። ይህ ባንኩ በየወሩ የሚቆርጠው ነው። ውሃና ቆሻሻ 150፣ ለጥገናና ወደፊት ለሚመጣ ትልቅ ወጪ የሚቀመጥ 300፣ ቤቱ ባዶ ለሚሆንበት ጊዜ 75 ስንጨምር 3,568 ይሆናል። ከዚህ ላይ የላይኛውን ኪራይ 1,500 ስንቀንስ 2,068 ዶላር ከእናንተ ኪስ ይወጣል።

አጋነንክ የሚለኝ ካለ ባንኩን ይጠይቅ። ኤፍኤችኤ ገቢያችሁን ሲያሰላ ከላይኛው ቤት ኪራይ የሚቆጥርላችሁ 75 በመቶውን ብቻ ነው። ከ1,500 ውስጥ 1,125 ማለት ነው። ቀሪው ሩብ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ሲበላሽና ሲጠገን እንደሚጠፋ ባንኩ ያውቃል። ባንኩ ያላመነውን ሙሉ ኪራይ እኛ ለምን እናምናለን?

እንግዲህ 2,068 ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ጽሑፉ ይህን አይጠይቅም፤ ከዜሮ ጋር ነው የሚያወዳድረው። መወዳደር ያለበት ግን ዛሬ ከምትከፍሉት ኪራይ ጋር ነው። ተመሳሳይ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ 1,500 እየከፈላችሁ ከነቤተሰብ የምትኖሩ ከሆነ ልዩነቱ 568 ዶላር ነው። ከወር ክፍያችሁ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት 320 ገደማ በየወሩ ዋናውን ዕዳ ይቀንሳል፤ እሱ የእናንተው ገንዘብ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ጭማሪ 250 አካባቢ ሆኖ፣ በምትኩ የራስ ጓሮ፣ የራስ ቁልፍና ኪራይ ጨመርኩ የማይል አከራይ ታገኛላችሁ። እኔ በዚህ ሒሳብ ነው የገዛሁት፤ ዛሬም ብሆን እገዛለሁ። የአክስቴ ልጅ ግን ነጠላ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተጋርቶ በወር 650 ይከፍላል። ለእሱ ይኸው ቤት ወጪውን ከሦስት እጥፍ በላይ ያደርስበታል። ቤቱ ያው ነው፤ የሁለታችን ሒሳብ ግን አይገናኝም። «ዱፕሌክስ ብቻ ግዛ» ብሎ ለሁሉም አንድ ምክር መስጠት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ለጥገና የያዝኩት 300 የበዛበት ሰው ካለ የእኔን ቦይለር ታሪክ ይስማ። ሁለተኛው ክረምት ላይ፣ ጥር ወር ውስጥ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ መኪና ውስጥ እያለሁ ከላይኛዋ ተከራዬ መልእክት ገባ፦ «ጋሼ፣ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ሕፃኗን በጃኬት ነው ያስተኛኋት»። ውጭው ከዜሮ ፋራናይት በታች ነበር። ሁለቱንም ቤት የሚያሞቀው ቦይለር አንድ ነው፤ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። የመጣው ሠራተኛ አንገቱን ነቀነቀ፤ አዲስ ቦይለር ከነሥራው 9,000 ዶላር አለፈ። እኛ ማሞቂያ ተበድረን ሦስት ሌሊት አሳለፍን፤ እሷንና ልጇን ሆቴል አስገባሁ፣ በራሴ ወጪ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ለተከራይ ቤቱን ማሞቅ እዚህ ስቴት የአከራይ ግዴታ ነው። በሚኒሶታ ሕግ ደግሞ ሁለት ቤት አንድ የጋዝ ወይም የመብራት ቆጣሪ ከተጋሩ ሒሳቡ የሚመጣው በአከራዩ ስም ነው። ከላይ ባሰላሁት 2,068 ውስጥ የክረምቱን ጋዝ እንኳ አልነካሁም። ቤት ስታዩ የኩሽናውን ድንጋይ ተዉትና ቤዝመንት ወርዳችሁ ቆጣሪ ቁጠሩ።

«3.5 በመቶ ብቻ» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ከ12,600ው ሌላ ግዢው ሲጠናቀቅ ለሚከፈል የመዝጊያ ወጪ፣ አስቀድሞ ለሚከፈል ታክስና ኢንሹራንስ ሌላ 10,000 ገደማ ያስፈልጋል። ሻጩ ከዚህ የተወሰነውን እንዲሸፍን መደራደር ይቻላል፤ ኤፍኤችኤ እስከ 6 በመቶ ይፈቅዳል። ግን ተፈላጊ ቤት ላይ ሻጭ አይለመንም። ከዚያ በኋላም ቢያንስ የሦስትና የአራት ወር ወጪ እጅ ላይ ሊተርፍ ይገባል፤ ቦይለር ፊርማው እስኪደርቅ አይጠብቅም። ሌላም ያልተነገረ ነገር አለ። ከ10 በመቶ በታች ከፍሎ በኤፍኤችኤ የገዛ ሰው ያን 159 ዶላር የሚከፍለው ብድሩ እስኪያልቅ ነው፤ መውጫው በሌላ ብድር መተካት ብቻ ነው። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋኒ ሜይ የሚባለው ድርጅት ከባንኮች በሚገዛው መደበኛ ብድርም ራሱ የሚኖርበት ሰው ዱፕሌክስ በ5 በመቶ መግዛት ይችላል፤ ቀድሞ 15 ነበር። ክሬዲቱ ጥሩ ለሆነ ሰው ሁለቱን አስቀርቦ ማወዳደር ያዋጣል።

እቁቡን በተመለከተ ጸሐፊው «አስገባና ሂድ» ብለው አልፈውታል። ባንክ ሒሳብ ውስጥ ድንገት 15,000 ዶላር ከገባ አበዳሪው «ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። ደስ የሚለው የኤፍኤችኤ መመሪያ እንደ እቁብ ያለውን የግል የቁጠባ ማኅበር በስሙ ጠቅሶ ይቀበላል፤ ግን መዝገብ፣ ደረሰኝና የገንዘብ ያዡን ማረጋገጫ ይጠይቃል። የእቁብ ጸሐፊያችን ያቺን የተቦጫጨቀች ደብተር በጥንቃቄ ቢይዛት ጥሩ ነው፤ አንድ ቀን ቤት ታስገዛለች። ደግሞም እቁብ በመጀመሪያው ዙር የወጣለት ሰው ቀሪውን ዙር ገና ይከፍላል። ፋኒ ሜይ ይህን ቀጣይ መዋጮ እንደ ዕዳ ይቆጥረዋል፤ ልክም ነው።

ስለ ተከራዩ ጸሐፊው ያሉት ከሁሉ ይበልጥ አሳስቦኛል። «ከሐበሻ ጋር ወረቀት አያስፈልግም» ይላሉ። በሕግ ዓይን ትንሽ እውነት አለው፤ ሚኒሶታ ውስጥ የጽሑፍ ውል ግዴታ የሚሆነው 12 ቤትና ከዚያ በላይ ላለው ሕንፃ ነው። የእኔም የመጀመሪያ ተከራይ በቃል ነበር የገባው፤ በአንድ ማኅበር የምንጠጣ ሰው። ሥራ ሲፈታ የሦስት ወር ኪራይ ቀረ። እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አላነሳው፤ ቡና ላይ እየተገናኘን ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን። መጨረሻ ሽማግሌ ገባ፣ የሁለት ወሩን ተውኩለት፣ ወጣ። ዛሬም ሰላምታችን ከአንገት በላይ ነው። ጥፋቱን በእሱ አልደፋም። ወረቀት ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ወር ወረቀቱ ይናገርልን ነበር፤ እኔም ክፉ አልሆን፣ እሱም አያፍር።

ደግሞ በቃል ተከራየም በጽሑፍ ሕጉ አይለቃችሁም። ኪራይ ላልከፈለ ተከራይ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ የ14 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባችሁ፤ ቁልፍ መቀየርማ አይታሰብም። ዲፖዚቱ፣ ተከራዩ ሲገባ ያስያዘው ገንዘብ፣ በዓመት 1 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል። ተከራዩ ለቆ አድራሻውን ከሰጠ በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ገንዘቡን ወይም የተቀነሰበትን ምክንያት በጽሑፍ ማግኘት አለበት። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ፣ የእኛ ሰፈር ዱፕሌክስ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ተከራዩ የእናታችሁ ልጅ ቢሆን እንኳ ስለ እርሳስ ቀለም የሚያስጠነቅቀውን ወረቀት ሰጥቶ ማስፈረም የፌዴራል ሕግ ነው። ሕፃናት የመስኮት ደፍ ላይ የተላጠ ቀለም አፋቸው ውስጥ ያስገባሉ። ይህን ወረቀት ጣጣ ማለት ይከብደኛል። ከተማው ራሱም ለሚከራየው ቤት ፈቃድ ያስወጣል፤ መርማሪም ይልካል።

«ለሐበሻ ብቻ የሚከራይ» ብላችሁ ማስታወቂያ አውጡ የሚለው ምክር ደግሞ ሰው ፍርድ ቤት የሚያቆም ነው። የ1968ቱ የፌዴራል የቤት ሕግ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት እስከ አራት ቤት ላለው ሕንፃ አንዳንድ ነገር ያላላል፤ እሱን ሰምተው ይሆናል የጻፉት። ማስታወቂያውን ግን አላላላም። ዘርን፣ ሃይማኖትን ወይም የትውልድ አገርን የሚመርጥ ማስታወቂያ ለማንም ክልክል ነው፤ በአማርኛ መጻፉ አያድነውም። በዘር ላይ የተመሠረተ አድልዎ ደግሞ በ1866ቱ ሕግ ያለ ምንም ልዩነት የተከለከለ ነው። ስንቶቻችን ነን እዚህ አገር ስማችን ተሰምቶ ቤት የተከለከልነው? የአሁኗ ተከራዬ፣ ያቺ የሕፃኗ እናት፣ በእኛው ሰው በኩል ናት የመጣችው፤ እሱን አልክድም። ማስታወቂያው ግን ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ማመልከቻዋም እንደ ሌሎቹ ታየ።

ታክሱን በአጭሩ። «ሁሉም ይቀነሳል» ስሕተት ነው። እኩል ለእኩል የተከፈለ ዱፕሌክስ ከሆነ የኪራይ ወጪ ተብሎ የሚቀነሰው የኢንሹራንሱ፣ የወለዱና የጋራ ጥገናው ግማሽ ነው፤ የላይኛው ቤት ብቻ የሆነ ጥገና ሙሉው፣ የእናንተ ኩሽና ጥገና ምንም። ሲሸጥም ያ ዝነኛ ነጻ ትርፍ፣ ለነጠላ 250,000 ለባልና ሚስት 500,000 ዶላር፣ የሚሠራው ከአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱን በኖራችሁበት ክፍል ላይ ብቻ ነው። የላይኛው ቤት ድርሻ ታክስ አለበት። እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ለራሳቸው ክርክር የሚጠቅመውን ትልቁን ነገር ረስተውታል፤ እኔ ላግዛቸው። የሚከራየው ክፍል ሕንፃ ዋጋ በ27.5 ዓመት ተካፍሎ እንደ እርጅና ይቀነሳል። ከ360,000ው ሕንፃው 280,000 ቢሆን ግማሹ 140,000 ነው፤ በዓመት 5,090 ዶላር ገደማ ከኪራይ ገቢያችሁ ላይ ይነሳላችኋል፣ ከኪሳችሁ ሳይወጣ። እርግጥ ሲሸጥ መንግሥት እስከ 25 በመቶ በሚደርስ ታክስ ይህን መልሶ ያስታውሳችኋል።

«በአምስት ዓመት አምስት ቤት» የሚለው በኤፍኤችኤ አይሆንም። በመርሕ ደረጃ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ የኤፍኤችኤ ብድር ነው የሚይዘው። ለሥራ ከ100 ማይል በላይ ርቆ ለሄደ ወይም ቤተሰቡ በዝቶ ቤቱ ለጠበበው የሚደረግ ልዩነት አለ፤ «ሌላ ዱፕሌክስ አማረኝ» ግን ከምክንያቶቹ ውስጥ የለም። የገዛ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ገብቶ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊኖርበት ፈርሟል። ሳይገባበት ሁለቱንም የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ፤ «ማን ያያል» ይላል። ለብድር ሐሰት መፈረም የፌዴራል ወንጀል መሆኑን እሱም ያውቃል። በመደበኛው የ5 በመቶ ብድር መደጋገም ይቻል ይሆናል፤ ግን ሁለተኛው ላይ ባንኩ የመጀመሪያውን ዕዳ፣ ደመወዛችሁንና የቀረውን ተቀማጭ ያያል። አምስት ቦይለርም በአንድ ክረምት አስቡ።

ዋጋ ሁልጊዜ ይወጣል ለሚለው ብዙ አልደክምም። ከ2008ቱ የቤት ገበያ ውድቀት በኋላ ሰሜን ሚኒያፖሊስ ውስጥ በር በሩ ላይ እንጨት የተመታበትን መንገድ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ኪራይም ቢሆን እንደ ከተማው ነው። የሴንት ፖል ሕዝብ በ2021 ድምፅ ሰጥቶ የዓመቱ የኪራይ ጭማሪ ከ3 በመቶ እንዳያልፍ አድርጓል። ከተማው በኋላ ከ2004 ወዲህ የተሠሩትን ነጻ አውጥቷል፤ አሮጌዎቹ ዱፕሌክሶች ግን ውስጡ ናቸው። ከዚያ በላይ የሚጨምር ምክንያቱን ለከተማው ማስረዳት አለበት። ወንዙን ተሻግሮ ሚኒያፖሊስ ሲገባ ይህ ሕግ የለም። ሁለት ዱፕሌክስ፣ የአሥር ደቂቃ መንገድ፣ የተለያየ ሒሳብ።

ይህን ጽፌ ከመጨረሴ በፊት የአክስቴ ልጅ ደወለ። እዚያው ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር አንድ ዱፕሌክስ አይቷል፤ ኩሽናው አዲስ ነው፣ ሪልተሩ (የቤት ሽያጭ ወኪሉ) «ቶሎ በል» ብሎታል። ቆጣሪው ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አላየም። ጓደኞቹ ዛሬ ከሚከፍሉት ጋር አብረውት ታችኛው ቤት ቢገቡስ፣ ብዬ ጠየቅሁት፤ ዝም አለ፣ ከዚያ «እሱንማ አላሰብኩትም» አለ። ሁለቱ 650፣ 650 ቢሰጡት ከ2,068ው የሚቀርበት 768 ነው። ይሄ ሊታሰብበት የሚገባ ቁጥር ነው፤ በጽሑፍ ውል ከሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን አብረን ልናይ ተቀጣጥረናል። ባትሪውን ይዤ እመጣለሁ ብዬዋለሁ፤ መጀመሪያ የምንወርደው ቤዝመንት ነው።